የቤት ኮምፒዩተር «መጻፍ አልተቻለም» ሲል ነጋዴው ስለሚያደርገው ጥንቃቄ

ቀድሞ የነጋዴ ሒሳብ በወፍራም ቆዳ በተጠረዘ መዝገብ ላይ እየተጻፈ በሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ይቀመጥ ነበር። የዚያ መዝገብ ጠላቶች እሳት፥ ውሃ፥ አይጥና ብል መሆናቸውን ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር ጥበቃውም በዚያው መጠን የታወቀ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ የዱቤ ዝርዝሩም፥ የሠራተኞች የደመወዝ መክፈያውም፥ የጉምሩክ ሰነድ ቅጂውም፥ የደረሰኝ ፎቶግራፉም የሚገኘው ልጆች በሚያጠኑበት፥ ቤተ ሰቡም ፊልም በሚያይበት በአንድ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የዚህ አዲስ መዝገብ ጠላት እንደ ብልና እንደ አይጥ በዐይን የሚታይ ባለመሆኑ፥ ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይመጣም። አንድ ምሽት ኮምፒዩተሩ «መረጃውን ለመጻፍ አልተቻለም» ወይም «የዘገየው ጽሕፈት አልተሳካም» የሚል መልእክት ያወጣል። አንዱ ሰው መልእክቱን ሳያነብ ዘግቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሌላው ደግሞ ደንግጦ ያገኘውን የጥገና ትእዛዝ ሁሉ ለመኪናው ይሰጠዋል። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ገደል የሚያደርሱ መሆናቸውን፥ ትክክለኛውም መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነገሩን የሚናገረው ከሰው ሰምቶ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ደርሶበት ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት በቀሩት በሰኔ ወር መጨረሻ፥ የዓመቱን ሒሳብ ስናጠቃልል ኮምፒዩተሩ ከፍ ብሎ የተጠቀሰውን መልእክት አወጣ። እኛም «እንደ ገና ሞክር» የሚለውን ደጋግመን ተጫንን። እንቢ ቢለን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየመረመረ እንዲጠግን ትእዛዝ ሰጥተን ተኛን። በማለዳ ስንነሣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከማሰማት በቀር ሌላ ነገር አልሠራም። የነበረን ቅጂ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያለውን ብቻ የያዘ ስለ ነበር፥ የቀሩትን የሦስት ወራት ሒሳብ ከደረሰኝ ጕርድ ላይ አንድ በአንድ እየለቀምን እንደ ገና ለመጻፍ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ዲስኩ ያረጀ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት የገደልነው እኛው ነበርን።

ዲስኩ እንዴት ይጽፋል?

በሽታውን ለማወቅ አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) ራማክ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋር ያስተዋወቀው ሲሆን፥ 50 ሰሐኖች የነበሩትና 5 ሚሊዮን ፊደላት የሚይዝ ትልቅ ዕቃ ነበር። ዛሬ በመዳፍ ላይ የሚቀመጠው ዲስክ ከዚያ በብዙ መቶ ሺህ እጥፍ ይይዛል፤ የአሠራሩ መሠረት ግን ያው ነው። ማግኔት የተቀቡ ሰሐኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በላያቸውም የሚያነብና የሚጽፍ ራስ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ይመላለሳል። በራሱና በሰሐኑ መካከል ያለው ርቀት የጥቂት ናኖሜትር ያህል በመሆኑ፥ የአንድ ሰው ጠጕር ውፍረት እንኳ ከዚህ ርቀት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ዲስኩ እየሠራ ሳለ የኮምፒዩተሩን ሣጥን በእግር መምታት ወይም ማንሣት አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የሰሐኑ ገጽ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በቀድሞዎቹ ዲስኮች አንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዝ ነበር፤ በኋላ በተሠሩት በአብዛኞቹ ግን 4,096 ባይት ይይዛል። ከእያንዳንዱ ሴክተር ጋር ስሕተት የሚያርም ተጨማሪ ቍጥር አብሮ ይጻፋል። ከዚህም ሌላ ፋብሪካው መለዋወጫ የሚሆኑ ትርፍ ሴክተሮችን አስቀድሞ ይተዋል። አንድ ሴክተር የተበላሸ እንደ ሆነ ዲስኩ ለማንም ሳይናገር በመለዋወጫው ተክቶት ሥራውን ይቀጥላል።

ከዚህ የምንረዳው ቍም ነገር አለ። ዲስኩ ትንንሹን ጕድለት ራሱ እያረመ የሚሸሽግ ስለ ሆነ፥ የመጻፍ ስሕተት እስከ ባለቤቱ ዐይን ድረስ የደረሰ እንደ ሆነ ከሁለት ነገሮች አንዱ ሆኗል ማለት ነው። ወይ ዲስኩ ከመሸሸግ ዐቅሙ በላይ ታሟል፤ ወይም በሽታው ከሰሐኑ ውጭ፥ ማለት በኬብሉ፥ በኤሌክትሪክ ኃይሉ ወይም በፋይሎቹ አደረጃጀት ላይ ነው። የምርመራው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚደረግ ነው። አንደኛው ዲስክ መግዛትን የሚጠይቅ ሲሆን ሁለተኛው አንዳንድ ጊዜ አንድ ኬብል በመለወጥ ብቻ ያልቃል።

«ጻፍሁ» ማለትና መጻፍ

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። ባለቤቱ «አስቀምጥ» ብሎ ሲያዝ ኮምፒዩተሩ መረጃውን በዚያችው ቅጽበት በዲስኩ ላይ ላይጽፈው ይችላል። ሥራውን ለማፋጠን ሲል አስቀድሞ በጊዜያዊ ማከማቻው ይይዘውና «ተጽፏል» ብሎ ከመለሰ በኋላ ይጽፈዋል። ይህም የሱቅ ጸሓፊ የዱቤውን ሒሳብ በቃሉ ይዞ «መዝግቤዋለሁ» እንደሚል፥ ማታም ሱቁ ሲዘጋ በመዝገብ ላይ እንደሚያሰፍረው ያለ ነው። ጸሓፊው እስከ ማታ በጤና ከቈየ ችግር የለም። በመካከሉ መብራት የጠፋ፥ ወይም የውጭ ዲስኩ ኬብል በድንገት የተነቀለ እንደ ሆነ ግን በቃል የተያዘው ሁሉ ይጠፋል። «የዘገየው ጽሕፈት አልተሳካም» የሚለው መልእክት ትርጕሙ ይኸው ነው፤ ተጽፏል የተባለው ነገር አልተጻፈም።

ዊንዶውስ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ባወጣቸው እትሞች በዩኤስቢ ለሚገናኙ የውጭ ዲስኮች ይህ የማዘግየት አሠራር በመደበኛነት እንዲቀር አድርጓል። ሆኖም ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መንቀል ዛሬም ፋይሉን ስለሚያበላሸው፥ በደንቡ መሠረት «አስወጣ» ብሎ መልስ ሳያገኙ መንቀል አይገባም።

አንደኛ፦ ሥራን አቁሞ ቅጂ ማውጣት

መልእክቱ በታየ ጊዜ የመጀመሪያው ተግባር ጥገና ሳይሆን ቅጂ ማውጣት ነው። በመሥራት ላይ ያለውን ፋይል ሳይዘጉ በሌላ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ በሌላ ስም ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ከተዘጋ በቃል የተያዘው ሒሳብ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። ከዚህ ቀጥሎ ሌሎቹን ፋይሎች በቅደም ተከተል ማውጣት ነው። ቅደም ተከተሉም በመጠን ሳይሆን በዋጋ ነው፤ አስቀድሞ የሒሳብ መዝገብ፥ ቀጥሎ ውልና ሰነድ፥ ከዚያ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፥ በመጨረሻም ከሌላ ቦታ እንደ ገና ሊገኝ የሚችለው ፊልምና ሙዚቃ ይሆናል። ለሞት የተቃረበ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሚቈይ ማንም ስለማያውቅ፥ ያለችውን ሰዓት ለፊልም ማባከን አይገባም።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ግን ቅጂውንም መሞከር ክልክል ነው። ይህ ድምፅ ራሱ መንገዱን ስቶ የሚመላለስ መሆኑን፥ ወይም ሰሐኑን የሚነካ መሆኑን ያመለክታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፥ መረጃው ብዙ ዋጋ ያለው ከሆነ ለባለሙያ መስጠት ነው። ዲስኩን በበረዶ ቤት ማስቀመጥ፥ በእጅ መታ መታ ማድረግ ወይም ክዳኑን መፍታት የሚሉት ምክሮች የሚጐዱ እንጂ የሚጠቅሙ አይደሉም። ዲስክ የሚከፈተው አየሩ በተጣራ ልዩ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ በአንድ የአቧራ ቅንጣት ምክንያት ገጹ ሊጫር ይችላልና።

ሁለተኛ፦ ቀላሉን ምክንያት ማስወገድ

ቅጂው ከወጣ በኋላ ምርመራው ጕዳት ከማያመጣውና ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀመራል። አስቀድሞ ዲስኩ የሞላ እንዳይሆን ይታያል። ቀጥሎም በዲስኩ ወይም በፋይሉ ላይ መጻፍን የሚከለክል ምልክት መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ በአንዳንድ ፍላሽና በካሜራ ካርድ ላይ ይህን የሚያደርግ ትንሽ ማንሸራተቻ በጎኑ ይገኛል።

«ፋት 32» በሚባለው ሥርዐት የተዘጋጀ ዲስክ 4 ጊጋ ባይት የሞላ አንድ ፋይል ከቶ አይቀበልም። ዲስኩ ገና ባዶ ቢሆንም እንኳ ትልቁን ፋይል ሲመልስ ትንሹን መቀበሉ ምልክቱ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ መረጃውን ካወጡ በኋላ በ«ኤንቲኤፍኤስ» ወይም በ«ኤክስፋት» ሥርዐት እንደ ገና ማዘጋጀት በቂ መድኃኒት ነው።

እንዲሁም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዊንዶውስ መረጃን ቈልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁ ቫይረሶች ለመከላከል ሲል፥ ያልታወቀ ፕሮግራም በሰነድ ፎልደሮች ውስጥ እንዳይጽፍ የሚከለክል ጥበቃ አለው። ይህ ጥበቃ በርቶ ከሆነ አዲስ የገባ የሒሳብ ፕሮግራም «መጻፍ አልቻልሁም» ሊል ይችላል። ስሕተቱ በአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚታይ፥ በሌሎቹ ግን የማይታይ ከሆነ ነገሩ ከዲስኩ ሳይሆን ከፈቃዱ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛ፦ ኬብልና የኤሌክትሪክ ኃይል

ቀላሉ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ተራው የኬብሉ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ውስጥ ዲስኩን ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የሳታ ኬብል በጊዜ ብዛት ይላላል፤ አቧራም ይገባበታል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፥ ከሶኬት ነቅሎ፥ ኬብሉን ማውጣትና አጥብቆ መመለስ፥ ቢቻልም በአዲስ መለወጥ ያስፈልጋል።

በዩኤስቢ የሚገናኝ ትንሹ የውጭ ዲስክ የሚያስፈልገውን ኃይል ሁሉ የሚያገኘው ከዚያው ኬብል ነው። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ 500 ሚሊ አምፔር፥ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሰጣል። ረጅም መቀጠያ ወይም ብዙ ዕቃ የተሰካበት ማከፋፈያ በመካከል ከገባ ኃይሉ ይደክማል፤ ዲስኩም ማንበብ እየቻለ፥ ብዙ መረጃ ሲጻፍበት ግን መሽከርከሩን ያቋርጣል። እንዲህ ያለ ዲስክ ወደ ሱቅ ከመወሰዱ በፊት በአጭር ኬብል፥ በኮምፒዩተሩ በራሱ መሰኪያ፥ ቢቻልም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር አለበት። በዚያ ያለ ችግር የሚጽፍ ከሆነ ዲስኩ ንጹሕ ነው።

አራተኛ፦ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት

እያንዳንዱ ዘመናዊ ዲስክ «ስማርት» የተባለ የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል። ይህን መዝገብ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የመሰለ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ገልጦ ያሳያል። በመዝገቡ ውስጥ ብዙ ተራ ቍጥሮች ቢገኙም ለባለቤቱ የሚጠቅሙት ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

ተራ ቍጥር 5 በመለዋወጫ የተተኩ ሴክተሮችን ብዛት ይናገራል። ተራ ቍጥር 197 ሊነበቡ ባለመቻላቸው ተጠርጥረው ውሳኔ የሚጠብቁትን ያመለክታል። ተራ ቍጥር 198 ዲስኩ ራሱን ሲመረምር ሊያርማቸው ያልቻላቸውን ያሳያል። ተራ ቍጥር 199 ግን ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ መረጃው በኬብሉ ላይ ሲያልፍ ስንት ጊዜ እንደ ተበላሸ ይቈጥራል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይሰጣል። ተራ ቍጥር 5፥ 197 እና 198 ዜሮ ሆነው 199 ከፍ ያለ እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ኬብሉ እንጂ ዲስኩ አይደለም። ይህ ቍጥር አንድ ጊዜ ከወጣ ስለማይወርድ፥ ኬብሉ ከተለወጠ በኋላ በወረቀት ጽፎ ከሳምንት በኋላ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ካልጨመረ በሽታው ድኗል። በተቃራኒው 5 ወይም 197 ከዜሮ በላይ ሆኖ ከሳምንት ሳምንት የሚጨምር ከሆነ ዲስኩ በመሞት ላይ ነው።

የጎግል ኩባንያ ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፥ ዲስኩ ገጹን ሲመረምር የመጀመሪያው ስሕተት ከተገኘበት በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ እንዲህ ያለ ስሕተት ከሌለበት ዲስክ 39 ጊዜ እንደሚበልጥ ገልጸዋል። በዚሁ ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት በዋና ዋናዎቹ የስማርት ምልክቶች ምንም ሳያሳዩ የሞቱ መሆናቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ መጥፎ ቍጥር የታየ እንደ ሆነ ማመን፥ ጥሩ ቍጥር ሲታይ ግን አለመታመን ብልኅነት ነው።

ለአንባቢው ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እንጨምራለን። የመጀመሪያው፥ የተጠቀሰው ፕሮግራም ቍጥሮቹን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በዐሥራ ስድስት ቤት አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ በገጹ ላይ 10 ተብሎ የሚታየው በእኛ አቈጣጠር 16 ነው። ሁለተኛው፥ በአንዳንድ ፋብሪካ ዲስኮች ላይ ተራ ቍጥር 1 እና 7 እጅግ ትልቅ ሆነው ይታያሉ፤ ይህ የአጻጻፋቸው ልማድ እንጂ በሽታ ስላልሆነ አያስደንግጥ።

ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር በተባለው መዝገቡ የሆነውን ሁሉ በቍጥር ይጽፋል። በዚያ ቍጥር 7 የተበላሸ የዲስክ ክፍል መኖሩን፥ ቍጥር 11 በመቈጣጠሪያው ላይ ስሕተት መድረሱን፥ ቍጥር 153 የንባብ ወይም የጽሕፈት ሥራ እንደ ገና መሞከሩን፥ ቍጥር 55 ደግሞ የፋይሎቹ አደረጃጀት መፍረሱን ይገልጻሉ። ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ ወደ ጠጋኙ መሄድ «አልሠራ አለኝ» ብሎ ከመሄድ እጅግ ይሻላል።

አምስተኛ፦ የጥገና ትእዛዝ መቼ ይሰጣል?

ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ያለ ምንም ምልክት ሲታዘዝ መርምሮ ይናገራል እንጂ ምንም አይለውጥም። የ«ኤፍ» ምልክት ሲጨመርበት የፋይሎቹን አደረጃጀት ያርማል። የ«አር» ምልክት ሲጨመርበት ግን ከዚህም በላይ የዲስኩን ገጽ ሁሉ ሴክተር በሴክተር ያነባል፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ይህ ብዙ ሰዓታት ይወስዳል።

ይህ ትእዛዝ የፋይሎቹ አደረጃጀት በመብራት መጥፋት ምክንያት ለፈረሰ፥ ግን ለጤነኛ ዲስክ እጅግ ጠቃሚ ነው። በመሞት ላይ ላለ ዲስክ ግን የታመመን ሰው ተራራ እንደ ማስወጣት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የደከመውን ራስ ያመላልሰዋል፤ በማረም ስምም በተጐዳው ገጽ ላይ ይጽፋል። በእኛ ቤት የተፈጸመው ጥፋት ይኸው ነበር። የጤና መዝገቡን ብናነብ ኖሮ ትእዛዙን ሳንሰጥ ቅጂውን እናወጣ ነበር። እንግዲህ ሕጉ አጭር ነው፤ ቅጂ ሳይወጣ፥ የጤና መዝገቡም ሳይነበብ የጥገና ትእዛዝ አይሰጥም።

በገበያ የሚነገረው «ፎርማት ሲደረግ ዳነ» የሚለው ወሬም ከዚህ ጋር መታየት አለበት። የተጠረጠረ ሴክተር በላዩ ሲጻፍበት ወይ ይድናል፥ ወይ በመለዋወጫ ይተካል። ስለዚህ ዲስኩ በሙሉ ሲጻፍበት ተራ ቍጥር 197 ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ተራ ቍጥር 5 ግን ከፍ እንዳለ ይቀራል። በሽታው ለጊዜው ከዐይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። እንዲህ ያለ ዲስክ ለሒሳብ መዝገብ አይታመንም።

ስለ ኤስኤስዲና ስለ ፍላሽ

በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሰሐን የለውም፤ በመውደቅም እንደ ሃርድ ዲስክ በቀላሉ አይጐዳም። ነገር ግን ሊጻፍበት የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው፤ ፋብሪካውም ይህን መጠን በቴራ ባይት ይገልጻል። ዕድሜው ሲያልቅ አንዳንዱ ኤስኤስዲ መነበብን ሳይከለክል መጻፍን ብቻ ይከለክላል፤ ይህ ለባለቤቱ የተሰጠ የመጨረሻ ጊዜ ነውና ሳይውል ሳያድር ቅጂ ማውጣት ይገባል። ሌላው ግን ድምፅ ሳያሰማ በአንድ ቅጽበት ይሞታል።

ፍላሽ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሐሰተኛ ዕቃ ይጠንቀቅ። በላዩ 1 ወይም 2 ቴራ ባይት ተብሎ ተጽፎበት በእርግጥ የሚይዘው ግን የዚያን ትንሽ እጅ ብቻ የሆነ ፍላሽ በዓለም ገበያ ይሸጣል። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች በደኅና ይቀበላል፤ እውነተኛው መጠን ሲሞላ ግን ያበላሻል። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የተባለው ፕሮግራም ፍላሹን በሙሉ ጽፎና መልሶ አንብቦ እውነቱን ይገልጣል።

የአገራችን ሁኔታ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በአገራችን ዋናው የዲስክ ጠላት የመብራት መቋረጥና የኃይል መዋዠቅ ነው። ስታቢላይዘር የኃይሉን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምንም አይጠቅምም። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ያለው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በደንቡ ለማጥፋት ጊዜ ያገኛል። ላፕቶፕ ባትሪው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ይህን ጥቅም ከራሱ ያገኛል፤ በእርሱ ላይ የተሰካው የራሱ መሰኪያ ያለው ትልቁ የውጭ ዲስክ ግን አያገኝም።

ሌላው ጥቂቶች የሚያውቁት የከፍታ ነገር ነው። የዲስኩ ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ በመሆኑ፥ ብዙ ፋብሪካዎች ለተራ ዲስክ የሥራ ወሰኑን ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ አድርገውታል። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር፥ ደብረ ብርሃንም በ2,800 ሜትር ገደማ ስለሚገኙ ከወሰኑ ውስጥ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ቤት ወይም መጋዘን ያለው ነጋዴ ግን ኤስኤስዲ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው በጤና መዝገቡ ተራ ቍጥር 9ን ይመልከት። ይህ ዲስኩ የሠራባቸውን ሰዓታት ይናገራል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ስለ ሆነ፥ 26,000 ሰዓት የሚያሳይ ዲስክ ቀንና ሌሊት ሦስት ዓመት ያህል የሠራ ነው። ይህም ቍጥር በአታላዮች ሊለወጥ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ያረጀውን ዲስኩን የሚሸጥ ነጋዴም ፋይል መሰረዝ ብቻ መረጃን እንደማያጠፋ ይወቅ፤ የደንበኞቹ ምስጢር ከዲስኩ ጋር አብሮ ሊሸጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

የሒሳብ መዛግብትን ለዓመታት ጠብቆ ማቈየት በሕግ በነጋዴው ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። «ዲስኩ ተበላሸብኝ» የሚለው ቃል ሐዘንን ይገልጽ ይሆናል እንጂ የጠፋውን ደረሰኝ አይተካም፤ ባለዕዳውንም ዕዳውን እንዲያምን አያደርገውም። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው፥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው በመብራትና በኬብል ዕድሉን መሞከር አይገባውም። በሠለጠኑት ዘንድ የተለመደው ሕግ ሦስት ቅጂ በሁለት ዐይነት ዕቃ ላይ እንዲኖር፥ አንደኛውም ቅጂ ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ ነው። ይህ ለቤት ኮምፒዩተር ሲተረጐም፥ አንዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ፥ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ ላይ፥ ሦስተኛው በሱቅ ካዝና ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ማለት ነው። የውጭ ዲስኩም ቅጂው እንዳለቀ ይነቀል፤ ሁልጊዜ እንደ ተሰካ የሚኖር ቅጂ በቫይረስና በመብረቅ ከዋናው ጋር አብሮ ይጠፋልና። በወር አንድ ጊዜም ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሊነበብ የማይችል ቅጂ ቅጂ አይደለም።

የእኛ ቤት ዲስክ ከሞተ በኋላ ቅጂ ማውጣትን በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የምንፈጽመው ሥራ አድርገነዋል። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደ ጮኸው ውሻ መሆናችን ባይቀርም፥ አንባቢዎቻችን ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ይህን ማስጠንቀቂያ ጽፈናል። ኮምፒዩተሩ ዛሬ ማታ «መጻፍ አልተቻለም» ቢል ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሥራን ማቆም፥ ቅጂ ማውጣት፥ ቀላሉን ማጣራት፥ ኬብሉን መለወጥ፥ የጤና መዝገቡን ማንበብ፤ ጥገና ግን ከሁሉ በኋላ።